«ሰው ሆነ» ሲባል

በአገራችን ቋንቋ፥ አንድ ወጣት ከወላጆቹ ቤት ተለይቶ ሄዶ፥ ተምሮም ይሁን ነግዶ፥ ያሰበው ሲደርስለት ስለ እርሱ የሚነገረው ቃል «ሰው ሆነ» የሚለው ነው። ይህ ቃል ልብ ብሎ ለመረመረው ሰው እጅግ ያስደንቃል። ያ ወጣት ከዚያ በፊት ምን ኖሯል? ከእናቱ ማኅፀን በወጣ ዕለትስ ሰው አልነበረምን? ይሁን እንጂ ሕዝብ ቃልን በከንቱ አያወጣምና ከዚህ አነጋገር በስተኋላ አንድ የቆየ ፍርድ ተቀምጧል፤ ይኸውም ሰው ሆኖ መወለድ ስጦታ ነው፥ ሰው ሆኖ መገኘት ግን ሥራ ነው የሚል ነው።

ደግሞም «አለፈለት» እንላለን። ያለፈለት ሰው ማለት መከራው ያለፈለት ማለት ስለ ሆነ፥ በዚህ ቃል መሠረት የሰው መከናወን የሚለካው ከኋላው ትቶት በመጣው ችግር ነው። አዳኝ አውሬ ጥሎ ሲመለስ «ቀናው» ይባላል፤ ይህም ዕድል ጠማማውን መንገድ ላቀናችለት ሰው የሚነገር ነው። ያገባና የወለደ፥ በዘመድ አዝማድ ፊትም የተከበረ «ለወግ ለማዕረግ በቃ» ይባላል። በዛሬው ዘመን በየስብሰባውና በየጋዜጣው እየተዘወተረ የመጣው «ስኬት» የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ ባንድነት ጠቅልሎ ሊይዝ ይሞክራል፤ ነገር ግን ብዙ ዕቃ እንደ ታጨቀበት ከረጢት ነውና በውስጡ ያለው ምን እንደ ሆነ ሳይፈቱት አይታወቅም።

እኛ ይህን ከረጢት ለመፍታት የተነሣነው ሊቅ ነን ብለን አይደለም። ስለዚሁ ነገር አንድ ጊዜ ዋሽተን ስለ ነበረና የውሸቱም ዕዳ ፈጽሞ ከላያችን ስላልወረደ ነው። ስለዚህ አንባቢ በትዕግሥት እንዲከተለን እንለምናለን።

እኛ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነን። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በ2000 ዓ.ም. ስንፈጽም ያገኘነው ነጥብ ለዩኒቨርሲቲ የማያበቃ ሆነ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥተን፥ ብዙ ደጅ ከጠናን በኋላ በዚህ ሥራ ተቀጠርን። እናታችን በሰሜን ሸዋ በአንዲት የገጠር ቀበሌ የምትኖር፥ ከአባታችን የቀራትን አንድ በሬ ሸጣ ያስተማረችን ባልቴት ናት። በስልክ በተገናኘን ቍጥር ከሰላምታዋ ቀጥላ የምትጠይቀን ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ልጄ፥ አሁንስ ሰው ሆንክልኝ?» ትለናለች።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ዓመት «ደኅና ነኝ፥ ይመስገን» እያልን ስንመልስ ቆየን። ከዕለታት አንድ ቀን ግን፥ የልጅነት እኩያችን የነበረው ሰው የጭነት መኪና ገዝቶ ለአባቱ ባለ ቆርቆሮ ቤት እንደ ሠራላቸው ከነገረችን በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። እኛም ሳናስበው «የክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ» አልናት። ሦስት ቃል ብቻ ነበር። በስልኩ ውስጥ ዕልልታዋ ተሰማን፤ ጎረቤቶቿም ሮጠው ሲመጡና እነርሱም ዕልል ሲሉ ሰማን። በሚከተለው ወር ተራዋ ሆኖ ማኅበር ስታወጣ በተለመደው ላይ አንድ ጋን ጠላ ጨመረች። ከዚያ ወዲህ ውሸቱ የእኛ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ተጠምቆ ተጠጥቷልና።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግን ራሳችንን ብዙ ጊዜ ጠይቀናል። እናታችን ሹመት አልጠየቀችንም፤ ሰው መሆናችንን ነው የጠየቀችን። ሰው መሆንን ሹመት ነው ብለን የተረጐምነው እኛው ነን። ይህን ትርጓሜ ከወዴት አመጣነው?

አንደኛው ምንጭ የትምህርት ቤት በር ይመስለናል። በፈተና ያለፈ «አለፈ» ይባላል፤ ያላለፈው ግን «ቀረ» ወይም «ዘገየ» አይባልም፤ «ወደቀ» ይባላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆኑ። ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠቱ መልካም ሥራ ነው፤ የተሰረቀ ነጥብ እንደ እኛ ሹመት ነውና። ዕውቀትም ሳይመዘን አይቀርም። ነገር ግን ከመቶው ልጆች ውስጥ ዘጠና ስድስቱ ባንድ ቀን «ወደቁ» ሲባሉ፥ ሚዛኑ የመዘነው የትምህርታቸውን ውጤት ብቻ መሆኑን ማን ነገራቸው? ልጁ ራሱ የሚሰማው ነጥቡ መውደቁን ሳይሆን እርሱ መውደቁን ነው። እኛ የተቀመጥንበት ወንበር ዕድሜ ልካችንን የፈተናችን ነጥብ ይመስለን እንደ ነበረ እናውቃለንና ይህን የምንለው ሰምተን አይደለም።

ሁለተኛው ምንጭ ከዚህም የቆየ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በየቢሮው በሣቅ ይነገራል፤ ነገር ግን ሣቁ ሲያልፍ ምክሩ ይቀራል። በዚህ ተረት መሠረት ሹመት ሥራ ሳይሆን ማዕድ ነው፤ የተሾመም ሰው የሚጠየቀው ምን ሠራህ ተብሎ ሳይሆን ምን በላህ ተብሎ ነው። ተረቱን አጥብቀን የምንነቅፈው እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እንኳ፥ ባልንጀራችን ከፍ ካለ ወንበር ላይ ብዙ ዓመት ተቀምጦ በኪራይ ቤት እንደ ኖረ የወጣ እንደ ሆነ «ምን ዓይነት ሞኝ ነው!» ሳንል አንቀርም። እንግዲህ ሚዛኑ በልባችን ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደ ተቀመጠ ከዚህ ይታወቃል።

ባለፈው ዓመት እናታችን ዓይኗን የዓይን ሞራ ስለ ጋረዳት ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ አመጣናት። ቀዶ ሕክምናው በደኅና ተፈጸመ። ጨርቁ ከዓይኗ ላይ በተነሣ በሳምንቱ «አሁን ካየሁ ዘንድ፥ የተሾምክበትን ቤት ሳላይ አልሄድም» አለችን። ዛሬ ነገ እያልን አዘገየናት። አለቃችን ለምሳ ሲወጡ በወንበራቸው ላይ ተቀምጠን ልናሳያት እንኳ አስበን ነበር፤ ይህን ማሰባችንን ስንጽፈው ዛሬም ፊታችን ይቀላል። በመጨረሻው ግን ማምለጫ አጣንና አንድ ማለዳ ይዘናት ሄድን፤ በምድር ቤት ወደሚገኘው መዝገብ ቤትም አስገብተን ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥናት።

በዚያ ዕለት አንድ አዛውንት መጡ። ጡረታቸውን ለማስከበር የአገልግሎት ዘመናቸውን የሚያስረዳ መዝገብ ያስፈልጋቸው ነበር፤ መዝገቡ ግን ጠፍቷል ተብሎ ብዙ ጊዜ ተመላልሰዋል። እዚህ ላይ ስለ ሥራችን ጥቂት መናገር አስፈላጊ ይሆናል። በፊደል ገበታችን ውስጥ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ሦስት «ሀ»ዎች፥ ሁለት «ሰ»ዎች፥ ሁለት «አ»ዎችና ሁለት «ጸ»ዎች አሉ። አንድ ሰው ሲቀጠር ስሙ በሃሌታው «ሀ» ተጽፎ፥ ደረጃ ሲያገኝ በሐመሩ «ሐ»፥ ሲዛወር ደግሞ በብዙኃኑ «ኀ» የተጻፈ እንደ ሆነ ወረቀቱ በሦስት የተለያዩ መደርደሪያዎች ላይ ይቀመጣል፤ ሰውየውም አንድ ሳለ ሦስት ይሆናል። ኮምፒዩተር ይህን ያቃናዋል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ካልነገሩት በቀር ኮምፒዩተርም ሦስቱን «ሀ»ዎች እንደ ሦስት ልዩ ልዩ ፊደላት ነው የሚቈጥራቸው። ስለዚህ እኛ ማንም ሳያዝዘን በትርፍ ጊዜያችን አንድ ትልቅ ደብተር ከፍተን፥ በተለያየ ፊደል የተጻፉትን ስሞች እያመሳከርን በየገጹ ጐን ለጐን እንጽፍ ነበር። ሥራው ስድስት ዓመት ያህል ፈጅቶብናል። በሪፖርት ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ እኛም እንደ ሥራ ቈጥረነው አናውቅም ነበር።

ደብተሩን ገልጠን፥ መሰላል ላይ ወጥተን ወርደን፥ ከሁለት ሰዓት በኋላ የአዛውንቱን መዝገብ በማይጠረጠር መደርደሪያ ላይ አገኘነው። አዛውንቱ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ። ቀጥለውም «ልጄ፥ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው መረቁን። ከአግዳሚው ላይ «አሜን» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ እናታችን ነበረች።

ማታ በታክሲ ስንመለስ ብዙ መንገድ ዝም ብላ ከተጓዘች በኋላ፥ «በላይኛው ፎቅ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ያየሁት ሰውዬ ነው ኃላፊው?» አለችን።

«አዎን» አልናት።

«አንተስ፥ ደመወዝህ ይበቃሃል?»

«እንደ ነገሩ ነው፥ እማዬ።»

«እንግዲያው በየወሩ የምትልክልኝ ከጕሮሮህ እየነጠቅህ ነበር» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከዚህ በቀር አንዲት ቃል አልተናገረችም። ቍጣ ጠብቀን ነበር፤ ቍጣ ቢሆን ኖሮ በቀለለን።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ታላላቅ የተባሉትን ሰዎች ሕይወት በሌላ ዓይን መመርመር ጀመርን። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እንደ እኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ በድሬዳዋም የጉምሩክ ሹም ሆነው አገልግለዋል። ያረፉት በ1911 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዕድሜያቸው ዛሬ ከእኛ ዕድሜ የሚበልጥ አልነበረም፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ከዐዋቂ ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ድካሙ ለሌላው ሲሳይ እንደሚሆን ያስረዱበት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የመጽሐፋቸውን ሽፋን በዓይናቸው አላዩም፤ አንባቢም አላመሰገናቸውም። ሆኖም ከመቶ ዓመት በኋላ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ያነቧቸዋል። በሞቱበት ቀን «ተከናወነላቸው» ወይስ «አልተከናወነላቸውም» ብሎ ሊፈርድ የሚችል ማን ነበር?

ሻምበል አበበ ቢቂላንም እናስብ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ጐዳና ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደገመው። በ1961 ዓ.ም. ግን በሜክሲኮ ሩጫውን አቋርጦ ወጣ፤ ድሉም የባልደረባው የማሞ ወልዴ ሆነ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች የቀስት ውርወራ ውድድር ገባ። ዓለም የሚያስታውሰው በሮማ መሸ ጊዜ የሮጠውን አበበን ነው፤ ይገባዋልም። እኛን ግን በቅርብ ቀን የሚያስደንቀን ቀስት የያዘው ሆኗል፤ ማንነቱ ከእግሩ ጋር አለመሄዱን ያሳየን እርሱ ነውና።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ሌላ ሚዛን አላቸው። የድጓ ተማሪ ቍራሽ እየለመነ፥ ድጓውንም በገዛ እጁ እየጻፈ፥ ብዙ ዓመት ደክሞ በመጨረሻ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ይመሰክራል። መምህሩ ፈትነው ሲያጸድቁት የሚያገኘው ሀብት አይደለም፤ ለሌላው የማስተማር መብት ነው። በዚያ ሥርዐት የትምህርት ዋጋው ያንኑ መልሶ መስጠት ነው። ይህን ስንል የተማረ ሁሉ ይራብ ማለታችን አይደለም፤ ረኃብን ማሞገስ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው። መኪና የገዛውና ለአባቱ ቤት የሠራው እኩያችንም ደኅና አድርጎ ሠርቷል፤ አባቱ በዝናም ወራት ጣሪያቸው አያፈስም። ጥፋቱ የእርሱ መኪና ሳይሆን እኛ በእርሱ መኪና ራሳችንን መስፈራችን ነበር።

እናታችን ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በስልክ «ለጎረቤት ነገርሻቸው?» ብለን ጠየቅናት። «የራስህን ነገር ራስህ ንገራቸው፤ እኔ ልጄን በአደባባይ አላዋርድም» አለችን። እኛም ለጊዜው ተመችቶን ዝም አልን። ዝምታም ውሸትን እንደሚያረባ የተማርነው በጥቅምት ወር ነው።

በዚያ ወር አንድ ማታ በተከራየነው ክፍል በር ላይ አንድ ወጣት ቆሞ አገኘን። የጎረቤታችን ልጅ ነው። በትከሻው ከረጢት፥ በእጁ አንድ ማሰሮ ቅቤ ይዟል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወድቆ ነበርና አባቱ በግ ሸጠው ለመሳፈሪያ ሰጥተው፥ «እርሱ ሹም ነው፤ ሥራ ያስገባሃል» ብለው ወደ እኛ ልከውታል። ቅቤውም ለእኛ የተላከ ነው።

እራት አብልተነው ከጨረስን በኋላ እውነቱን ነገርነው። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «እንግዲያው ለአባቴ ምን ብዬ ልንገረው፥ ጋሼ?» አለን።

«እውነቱን ንገራቸው» አልነው።

ቀና ብሎ አየንና፥ ያለ ክፋት፥ በየዋህነት፥ «ጋሼ፥ እርስዎስ ነግረዋቸዋል?» አለን።

በዕድሜያችን ብዙ ፈተና ወስደናል፤ እንደዚህች ያለች አጭር ጥያቄ ግን አልቀረበችልንም። ስልኩን አንሥተን በዚያው ሰዓት ለአባቱ ደወልንላቸው፤ ሹም አለመሆናችንን፥ ሆነንም አለማወቃችንን፥ ለልጃቸውም ሥራ ልናስገኝለት እንደማንችል አንድ በአንድ ነገርናቸው። ለረዥም ጊዜ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ «በጉ ተሸጧል» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «ልጁስ ደኅና ገባ?» ብለው ጠየቁ። የበጉን ዋጋ በሁለት ወር ከፈልን፤ «ልጁስ ደኅና ገባ?» የሚለውን ቃል ግን በምን እንደምንከፍለው አናውቅም። ወጣቱ ሁለት ሳምንት ከእኛ ዘንድ ሰንብቶ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰ፤ ዛሬ በዚያ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሥራ ይማራል። ይህንን የምንጽፈው ታሪኩ በመልካም ተፈጸመ ለማለት አይደለም፤ ገና ጀማሪ ነው። ነገር ግን ከመሄዱ በፊት መዝገብ ቤታችንን ሊያይ ፈልጎ ይዘነው ሄድን፤ ደብተራችንንም እያገላበጠ «ይህን ሁሉ ማን አዘዘዎት?» ሲለን፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራችንን ለሰው ስናሳይ አላፈርንም።

አሁን ከረጢቱን የፈታነው ያህል ፈትተን የቀረችንን አንዲት ቃል እናንሣ፤ ይህችም «በቃ» የምትለው ናት። ነጥባችን ለዩኒቨርሲቲ «አላበቃንም»። ያገባ የወለደ «ለወግ ለማዕረግ በቃ» ይባላል። በጸሎትና በትሩፋት የኖሩት መነኵሴ «የበቁ አባት» ይባላሉ። ጠግቦ ከማዕድ የሚነሣውም ሰው «በቃኝ» ይላል። ቋንቋችን ትልቁን መዓርግና የጠገበውን ሰው ቃል ከአንድ ሥር አውጥቶ ማብቀሉ በአጋጣሚ ይሁን በጥበብ ለሊቃውንቱ እንተወዋለን። ለእኛ ግን እንዲህ ይመስለናል፤ መብቃት ማለት በፊትህ ለተቀመጠው ሥራና በደጅህ ለቆመው ሰው የምትበቃ ሆኖ መገኘት ነው፤ የማትሆነውንም ለመምሰል የሚያባብለውን ምኞት «በቃኝ» ማለት ነው። አንደኛው ያለ ሁለተኛው አይጸናም። ሥራውን እየሠራን ሳለ በምኞቱ ዋሽተናልና ይህን በገዛ ራሳችን አይተነዋል።

በዚህም ቃል የሚያመካኝ ሰነፍ ሊኖር ይችላል። «በቃኝ» ማለት ዕድገትን መጥላት አይደለም። እኛም የደረጃ ማስታወቂያ ሲወጣ እንወዳደራለን፤ በማታ ትምህርትም ለመግፋት አስበናል። ነገር ግን የቀረውን ደረጃ ብንወጣም ባንወጣም፥ የዛሬው ቀን ከአንድ አዛውንት መዝገብ ጋር በእጃችን ነው። ወንበር ከሰው በፊት ነበረ፥ ከሰውም በኋላ ይኖራል፤ የተቀመጠበት ሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፍበት።

ለሚመጣው መስቀል ወደ አገራችን ለመሄድ ፈቃድ ጠይቀናል። በዚያን ቀን ደመራው አጠገብ ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው «ሹመቱ እንዴት ነው?» ማለታቸው አይቀርም። የምንመልሰውን መልስ አዘጋጅተናል፤ «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ» የሚል ሲሆን፥ እርሱም አራት ቃል ብቻ ነው፤ ውሸቱ ከያዘው የሚበልጠው በአንዲት ቃል ብቻ ነው። አንዳንዱ ይሥቃል፤ አንዳንዱም ስለ ጠጣው ጠላ ይቆጨው ይሆናል። እናታችን ግን በዳነው ዓይኗ ከሕዝቡ መካከል ሆና ታየናለች፤ ያንን የቆየ ጥያቄዋን ዳግመኛ ብትጠይቀን፥ መልሱን ለእርሷ ትተን ዝም እንላለን።